በአቡጀዲ ላይ የጻፍኩት ከተማ

በእንግሊዝኛ መጻፍ የምችለው አንድ ቃል ብቻ ነበር። እሱም የከተማ ስም ነው፤ ዴንቨር። ልጄ የምትኖርበት፣ እኔ ግን ረግጬው የማላውቀው፣ የምረግጠውም የማይመስለኝ ከተማ ነው። አማርኛውንም ቢሆን ፊደል እየለቀምኩ አነባለሁ እንጂ አንባቢ ነኝ አልልም። ይኼን የምጽፈውም እያቆምኩ፣ እየሰረዝኩ ነው። ጎረቤቴ አስተማሪዋ "እርስዎ ይናገሩ፣ እኔ ልጻፍልዎት" ብላኝ ነበር። እምቢ አልኩ። የራሴን ጥፋት በሰው እጅ አላስጽፍም።

ሥራዬ ጆንያ መስፋት ነበር። እዚሁ ሚዛን ተፈሪ፣ ቡና ነጋዴ መጋዘን ውስጥ፣ ከወጣትነቴ ጀምሮ ዓይኔ እስኪደክም ድረስ ጆንያ ሲሞላ አፉን ስሰፋ ኖሬያለሁ። ጆንያ ሲሰፋ በሁለቱ ጫፍ ጆሮ ይተውለታል፤ ተሸካሚው የሚጨብጠው እሱን ነው። ጆሮ የሌለው ጆንያ ከእጅ ያመልጣል። መጋዘኑን ከተውኩ በኋላም መርፌው ከእጄ አልጠፋም። በሰፈራችን ውጭ አገር ልጅ ያለው ሁሉ ዕቃ ሲልክ እኔ ጋ ይመጣል። ካርቶኑ አቡጀዲ ይለብሳል፣ ዙሪያውን በሲባጎ ይሰፋል፣ ላዩ ላይ ይጻፍበታል። መስፋቱ የእኔ ነበር። መጻፉ ግን የተማረ ሰው ይለመንበታል።

አንድ ልጅ ነው ያለችን። ሎተሪው ደርሷት አሜሪካ ስትሄድ የመጀመሪያውን ካርቶን የሰፋሁት በደስታ ነው። ቡና፣ ማር፣ እናቷ በእጇ የለቀመችው ኮረሪማ ነበረበት። ላዩ ላይ ስሟን በአማርኛ ጻፍንና "አሜሪካ" አልንበት። ካርቶኑ አልደረሰም። አዲስ አበባ ለመንገደኛ ዕቃ የሚያስረክበው ሰውዬ ስንደውልለት ሳቀብን።

"አሜሪካ መንደር መሰላችሁ እንዴ? ወደየት ልላከው? ከተማውን በእንግሊዝኛ ጻፉበት!"

ከዚያ በኋላ ካርቶን በተሰፋ ቁጥር ማርከር ይዤ ሰው ፍለጋ ሰፈር ለሰፈር እዞር ነበር። ለአንድ ቃል።

ልጄ በአምስተኛው ዓመቷ ለሁለት ሳምንት መጥታ ሳለ ይኼንን ሰማች። ቡናው የማድረቂያ አልጋው ላይ ተሰጥቶ ነበር። እጄን ይዛ ወሰደችኝና ከነቅርፊቱ የደረቀውን ጀንፈል በመዳፏ ጠረግ ጠረግ አድርጋ ባዶ ቦታ አበጀች።

"ለምን ሰው ትለምናለህ አባዬ? ስድስት ፊደል ናት።"

"በዚህ ዕድሜዬ?"

"ጆንያ ሰፊ አይደለህ? ስፌት ነው ብለህ ያዘው።"

በጀንፈል ፍሬ አንድ በአንድ ደረደረችልኝ። "የመጀመሪያዋ ሆዷ የገፋ ናት።" እናቷ ከጓሮ በር ላይ ሆና "አውቃታለሁ፣ አባትሽን ትመስላለች" አለች። ሁለተኛዋ ጥርሷ ረግፎ ሦስት የቀራት ማበጠሪያ። ሦስተኛዋ ሁለት ምሰሶ፣ መሃሉ ላይ እንጨት በሰያፍ የተጋደመበት። አራተኛዋ የበቆሎ መትከያ ሹል። አምስተኛዋ ያቺው ማበጠሪያ። የመጨረሻዋ ሆዷን ከላይ አድርጋ እግሯን የዘረጋች። እኔ በጣቴ ተከትዬ አበላሸሁ፤ እሷ አስተካከለች፤ ደግሜ አበላሸሁ። ሲመሽ ቻልኩ።

"ከተማሽ ትልቅ ነው?" አለቻት እናቷ።

"የክልሉ ዋና ከተማ ነው እኮ እማዬ።"

"አንድ ቦታ ነው? ወይስ እንደኛ ክልል ዋና ከተማ በየከተማው ተከፋፍሎ፣ አንዱ መሥሪያ ቤት እዚህ፣ አንዱ እዚያ፣ ለአንድ ማህተም ቀኑን ሙሉ አውቶቡስ ላይ?"

"አንድ ቦታ ነው" አለች ልጄ እየሳቀች።

"ታድላችኋል።"

እንዳልረሳው በዚያው ቀን የጓዳው በር ላይ በከሰል ጻፍኩት። እስከ ዛሬ አለ። ወሬው በሰፈር ተሰማ። ሌላ ከተማ ልጅ ያላቸው "እንግዲህ ለእኛም ጻፍልን" ሲሉኝ፣ "እኔ የማውቀው ዴንቨርን ነው፤ ጽሑፌን ከፈለጋችሁ ልጆቻችሁን ወደዚያ አዛውሩ" እላቸዋለሁ። ይስቃሉ። እኔ ግን የምሬን ነበር የምኮራው።

በዓመት ሁለት ጊዜ እንልካለን። እናቷ ካርቶኑን ትሞላለች፤ አቡጀዲውን ግራና ቀኝ ወጥራ ትይዛለች፤ እኔ እሰፋለሁ። ልክ እንደ ጆንያ ጆሮ እተውለታለሁ። ጽሑፉ ላይ ስደርስ ከትከሻዬ በላይ ሆና፣

"አንተ ሰውዬ፣ አሳምረህ ጻፋት፤ ልጄ ስታየው ትስቃለች" ትለኛለች።

ካርቶኑ ሲደርስ ልጄ ፎቶ ትልካለች። የቡናውን አይደለም፣ የማሩንም አይደለም። የአቡጀዲውን፣ የእኔን ጽሑፍ። አስተማሪዋ ስልኳ ላይ ታሳየናለች፤ እኛም ራሳችን የሰፋነውን ጨርቅ እንደ አዲስ ዕቃ ደጋግመን እናያለን። ጨርቁን እንደማትጥለው፣ አጥባ እንደምታስቀምጠው ነግራናለች።

ባለፈው ዓመት፣ የቡና ለቀማ ሳይጀመር፣ እናቷን ሆዷን ያማት ጀመር። መጀመሪያ ምግብ ነው አልን። እዚህ ታየች፤ ጅማ ሄድን። ጅማ ላይ ሐኪሙ እኔን ለብቻዬ ጠርቶ "ቤቷ ትሁን፤ የምትወደውን ስጧት" አለኝ። ያን ጊዜ ልጃችን የነርስነት ትምህርቷን ልትጨርስ አራት ወር ቀርቷት ነበር።

ከጅማ በተመለስን በሦስተኛው ቀን በረንዳ ላይ ተቀምጣ ዝናቡን እያየች፣

"ልጄን ጥራልኝ" አለችኝ።

"ትምህርቷን አቋርጣ?"

"ጥራት አልኩህ እንጂ አስቋርጣት አልኩህ?"

"ከሰማች ምን የሚያስቀምጣት ይመስልሻል? በነጋታው አውሮፕላን ላይ ናት። አራት ወር ነው። ትጨርስ።"

"አራት ወር አለኝ?"

"አለሽ" አልኳት።

ማን ሆኜ "አለሽ" እንዳልኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሐኪሙ የነገረኝን ይዤ ነው እንዲያ ያልኳት። አየችኝ። ሁለተኛ አልጠየቀችኝም። ብትጠይቀኝ፣ ብትጮህብኝ፣ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እኔ አንዴ ያልኩትን የምመልስ ሰው አይደለሁም፤ እሷ ደግሞ ይኼንን ከማንም በላይ ታውቃለች።

ከዚያ በኋላ ከእኔ በተሻለ ዋሸች። ልጃችን እሑድ እሑድ ነው የምትደውለው። ሰዓቱ ሲደርስ ውሃ ትጠጣለች፣ ደግፉኝ ብላ ቀና ትላለች፣ ሻሿን ፈትታ እንደገና ታስራለች፤ የምትታያት ይመስል። "እኔ ምን እሆናለሁ? አባትሽ ነው እንጂ ያረጀ" ትላታለች። ልጄ በአስተማሪዋ ስልክ በቪዲዮ ልያችሁ ስትል "ኔትወርኩ አይረባም" እንላለን። ስልኩ ሲዘጋ እናቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች።

በደህና ቀኗ ኮረሪማ ትሰካ ነበር። የደረቀውን ፍሬ አንድ በአንድ እየበሳች በክር ትደረድራለች። ጣቷ ደክሞ አንዱን ለመሰካት ብዙ ትቆያለች። ላግዛት ስል እጄን መታ መለሰችኝ። "ይኼ የልጄ ነው።"

አራተኛው ወር ሳይሞላ፣ አንድ ዓርብ ጠዋት፣ አረፈች። የዚያኑ ዕለት ቀበርናት።

ድንኳኑ ተተከለ። ከሸዋ ቤንችም ከጌጫም ዘመድ መጣ። አስተማሪዋ የጴንጤ ልጅ ናት፤ የእሷ ቤተ ክርስቲያን ሰዎችም መጥተው ከእኛዎቹ ጋር ዝናብ ያስገባውን ድንኳን ሲደግፉ ዋሉ። ማታውን ሳይሆን በማግስቱ ጠዋት አጠገቤ ተቀመጠችና፣

"ጋሼ፣ ለልጅዎ ይደወልላት" አለችኝ።

"መርዶ በስልክ አይነገርም።"

"ዘመኑ ሌላ ነው ጋሼ። ቀብሩን የቀረጸ ሰው አለ። ከስልክ ላይ ብታየውስ?"

"ብቻዋን ቤት ውስጥ ናት። ስትወድቅ ማን ያነሳታል? ስልኩ? ሰው ሄዶ፣ ከቧት፣ ይዟት ነው የሚነገራት። እናቷም የእናቷን ሞት የሰማችው እንዲያ ነው።"

"እሺ፤ ግን እዚያ ማንን እናውቃለን?"

"ከተማውን አውቃለሁ" አልኩ።

ተነሥቼ ካርቶን ቀደድኩ። ማርከሩን ያዝኩ። አስተማሪዋ "ጋሼ፣ እኔ እኮ በስልኬ ልጽፈው እችላለሁ" አለችኝ። "እኔ እጽፈዋለሁ" አልኳት። ስድስቱን ፊደል ጻፍኩ። እስከዚያ ቀን ያን ስም የጻፍኩት ለቡና፣ ለማር፣ ለኮረሪማ ነበር። ለመርዶ ስጽፈው ማበጠሪያዋ ላይ አራት ጥርስ አወጣሁላት። አልሰረዝኩትም። አስተማሪዋ ፎቶ አንሥታ ውጭ ያሉ የሚዛንና የቴፒ ልጆች ወደሚገናኙበት ግሩፕ ላከችው። እዚህ ከተማ ያላችሁ፣ እናት ሞታባት ያልሰማች ልጅ አለች፤ ድረሱላት ብላ።

እሑድ ደረሰ። እስከዚያ ሰው አልተገኘም።

ስልኩ ሲጠራ ድንኳን ውስጥ ነበርኩ። ሴቶቹ እያለቀሱ ነው። ስልኩን በጋቢዬ ውስጥ ይዤ በጓሮ በር ወጣሁና ሙዙን አልፌ ቡናው ውስጥ ገባሁ። ለቅሶው እስከማይሰማበት ድረስ።

"አባዬ! ምነው ዘገየህ?"

"ቡና ውስጥ ነኝ።"

"እማዬስ?"

"የለችም። ሸዋ ቤንች ሄዳለች።"

"ምን ልታደርግ?"

ሌላ ነገር አልመጣልኝም። "ለቅሶ" አልኳት።

"ውይ! የማን ለቅሶ?"

"አታውቂያትም።"

"ድምፅህ ምን ሆኗል?" አለችኝ።

"ጉንፋን ነው።"

"እንግዲህ ዝናብ ውስጥ አትቁም። ለእማዬ የመመረቂያ ልብስ ለካሁ በላት። እሱን ለብሼ የተነሣሁትን ፎቶ እልካለሁ። ቀድመህ እንዳታየው! እሷ ትየው መጀመሪያ።"

"እሺ" አልኩ። እሺ። ከዚያ ቡናው ሥር ተቀመጥኩ። ፈልገው እስኪያገኙኝ እዚያው ነበርኩ።

ሰኞ ዕለት እዚያ ከተማ የምትኖር የቴፒ ልጅ ተገኘች። ልጄን አታውቃትም። ቢሆንም ሁለት እናቶችና አንድ ቄስ ይዛ፣ የልጄን አድራሻ ከአስተማሪዋ ወስዳ፣ ማክሰኞ ማለዳ በሯን አንኳኳች። እንደ ሥርዓቱ ነው የነገሯት። ያዟት። ሁለት ቀን ከእሷ ጋር አደሩ። የጻፍኩት ካርቶን ሰው አምጥቶላታል፤ ይኼንን ማንም አይወስድብኝም። እኔም "አላልኳችሁም?" ብዬ ነበር፤ አልደብቅም።

እናቷ በሞተች በስምንተኛው ቀን ልጄ ደወለች። አላለቀሰችም። የጠበቅኩት ለቅሶ ነበር።

"አባዬ፣ እሑድ የማን ለቅሶ ነበር?"

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዞርኩት።

"የቴፒዋ ሴትዮ፣ እማዬ ብዙ ታማ ነበር አለችኝ። ስንት ጊዜ?"

"ሦስት ወር ከምናምን።"

"እሷ ናት አትንገሯት ያለችው?"

እዚህ ላይ መዋሸት ይቻል ነበር። እናቷ ናት ብል ታምነኝ ነበር፤ ሟች አትመሰክርም። ግን እንቢ አለኝ።

"አይደለችም። ጥራልኝ ብላኝ ነበር። እኔ ነኝ እንቢ ያልኩ።"

"ጥራልኝ ብላህ ነበር?"

"ትምህርትሽን ትተሽ ትመጫለሽ ብዬ ነው።"

"እመጣ ነበር!"

"ለዚያ ነው።"

"ትምህርት ይደገማል አባዬ።" አለችኝ። "መርዶውን አሳምረህ አስነገርክልኝ። አመሰግናለሁ። ሞቷን ሳይሆን ሕመሟን ነበር መንገር የነበረብህ። ከእንግዲህ ዕቃ አትላክልኝ።"

የመመረቂያውን ፎቶ አልላከችም።

እሑዶቹ አለፉ። አርባዋም ወጣ። ለአስተማሪዋ አልፎ አልፎ ትጽፍላታለች፤ "አባቴ ይበላል? ጉንፋኑ ለቀቀው?" ብላ ትጠይቃለች አሉ። ጉንፋን አልነበረብኝም፤ ግን ደስ አለኝ። አንድ ቀን አስተማሪዋ፣ ልጄ ትምህርቷን እንደጨረሰች፣ ሥራ አግኝታ ከተማ እንደለወጠች ነገረችኝ።

"ወዴት?"

"አልነገረችኝም ጋሼ" አለችና መሬት አየች። አስተማሪ መዋሸት አይችልበትም። "ለእሱ አትንገሪው" እንደተባለች ገባኝ። አላስጨነቅኳትም።

ወደ ቤት ገብቼ የጓዳውን በር አየሁት። ስድስቱ ፊደል እንዳለ ነው። የማውቀው አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ልጄ የሌለችበት አገር ሆነ።

እኔ አትላክ ስለተባልኩ የምቀር ሰው አይደለሁም። የዘንድሮ ቡናችን ሲደርቅ ካርቶን አመጣሁ። ቡናውን አስገባሁ። እናቷ የሰካችውን ኮረሪማ፣ ክሩን ሳልቋጥር እንደተወችው፣ ላዩ ላይ አደረግኩ። ሻሿን ከሥሩ አነጠፍኩ። አቡጀዲውን የሚወጥርልኝ ስለሌለ አንዱን ጠርዝ በጉልበቴ፣ አንዱን በጥርሴ ይዤ ሰፋሁ። ስፌቱ አላማረም። ጆሮ ተውኩለት። የከተማው ቦታ ላይ ስደርስ ቆምኩ።

አስተማሪዋ "ዴንቨር ብለው ይላኩት፤ ጓደኞቿ ያደርሱላታል" አለችኝ።

"እዚያ የለችም።"

"ታዲያ እንዴት ያደርጋሉ?"

"ፎቶ አንሺና ላኪላት። ምንም አትጻፊ።"

ባዶውን አቡጀዲ አንሥታ ላከች።

አሥራ አንድ ቀን ቆየ። ካርቶኑ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ የኮረሪማው ሽታ ቤቱን ሞላው። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጠዋት፣ አልጋው ላይ የቀረውን ጀንፈል ስለቅም ስልኩ ጠራ።

"ውስጡ ምንድነው?" አለችኝ። ሰላምታ የለም።

"ቡና። የእናትሽ ሻሽ። ኮረሪማ።"

"ኮረሪማው የማን ነው?"

"እሷ የሰካችው። ታማ ሳለች። ልርዳሽ ብላት እጄን መታችኝ።"

ስትተነፍስ ይሰማኛል።

"ማርከር አለህ?"

"ቆይ" አልኳት። ሮጥኩ ብል ውሸት ነው፤ ጉልበቴ አይሮጥም። ካርቶኑን አውርጄ ማድረቂያው አልጋ ላይ አስቀመጥኩት፤ ስልኩን በጆሮዬና በትከሻዬ መሃል ያዝኩ።

"አሥር ፊደል ነው። የመጀመሪያዋ እባብ ናት። ከላይ ወደ ግራ ተጠማዝዛ፣ ከታች ወደ ቀኝ።"

"ወደ ግራ። እሺ።"

"መሰላል። አናታቸው የገጠመ ሁለት እግር፣ መሃሉ ላይ አንድ እርከን። ቀጥሎ ግማሽ ቀለበት፣ አፉ ወደ ቀኝ። አራተኛዋን ታውቃታለህ፤ እግሯን የዘረጋችው።"

"አወቅኳት።"

"መሰላሏ ተመልሳ። ከዚያ ሁለት ሹል ተራራ፣ ጎን ለጎን። ከዚያ ማበጠሪያዋ።"

ማበጠሪያዋ ላይ አቡጀዲው አለቀ። ነገርኳት።

"ከታች ቀጥለው" አለችኝ። "ሁለቱ ምሰሶ፣ የተጋደመ እንጨት ያለው። ምሰሶ ላይ አግዳሚ። መጨረሻዋ ሙሉ ቀለበት።"

ከአሥሩ ሦስቱን ነበር የማውቃቸው፤ ከድሮው ስም የተረፉትን። ሌሎቹ ከእባቧ ጀምሮ ጠማማ ሆኑ።

"ምን ይባላል?" አልኳት።

"ሳክራሜንቶ።"

"ይኼም የክልል ዋና ከተማ ነው?"

"ነው።"

"አንድ ቦታ ነው?"

ሳላስበው ነው ያወጣሁት። እናቷ የጠየቀቻት ነበር፣ እዚሁ አልጋ አጠገብ። ልጄ መጀመሪያ የሳቀች መሰለኝ፤ አይደለም። በስምንተኛው ቀን የከለከለችኝን ለቅሶ አለቀሰች። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻው ሰማሁት። ስትወድቅ የሚይዛት ሰው አጠገቧ ይኑር አይኑር አላውቅም፤ አልጠየቅኩም። በመጨረሻ "አንድ ቦታ ነው" አለችና ዘጋችው።

ይቅር አላለችኝም። ይቅር በይኝ አላልኳትም፤ በስልክ የሚባል ነገር አይደለም።

ያን ዕለት አዲሱን ስም የጓዳው በር ላይ፣ ከድሮው ሥር፣ በከሰል ጻፍኩት። ካርቶኑን በማግስቱ መናኸሪያ ወስጄ በጆሮው አንጠልጥዬ አስጫንኩት።

ከወር በኋላ አስተማሪዋ ደርሷል አለችኝ። ፎቶ ልካ እንደሆነ ጠየቅኳት። ስልኳን ከፍታ ፈለገች፤ ወደ ላይ፣ ወደ ታች።

"አልላከችም ጋሼ።"

"እሺ" አልኳት። "ደረሰ ካልሽ ደረሰ።"